ሰው አይቶ የማያልፍ ፈረስ

ፈረሱን የገዛሁት ትዳሬ እንዳይፈርስ ነው። የማስተምርበት ገጠር ቤታችን ካለበት ከነገሌ ሩቅ ነው፤ ዝናብ ከጣለ መኪና የሚባል ነገር ዝር አይልም። ሞተር ሳይክሌ ጭቃ ውስጥ ገብታ ከሞተች ወዲህ ቤቴን ባየው በወር አንዴ ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ አኮረፈች፣ ከዚያ ማኩረፉንም ተወችው፤ የደነገጥኩት ያኔ ነው። በስልክ ቁርጡን ነገረችኝ፤ ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ካልደረስኩ ሻንጣዋን ይዛ ሐዋሳ እናቷ ጋ ትሄዳለች፣ ከዚያ ወዲያ አትመለስም።

ሻጩ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሎ ኮርቻ ላይ መውጣት ያቃታቸው፣ በአካባቢው የተጣላ ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። እኔ የፈረሱን ጥርስና ኮቴ ስመረምር እሳቸው የእኔን ቤተሰብ ጤና ይመረምራሉ።

"ይሄ ፈረስ ሰው አይቶ አያልፍም" አሉኝ።

የሻጭ ወሬ ነው ብዬ ይፈጥናል ወይ አልኳቸው። ይፈጥናል አሉ። አልዋሹም፤ ሰው በሌለበት ይፈጥናል።

ቅዳሜ ገና ሲነጋ ተነሳሁ። መጀመሪያ ያገኘናት ቢጫ ጀሪካን ያዘለች ሴት ነበረች። ፈረሱ ፊቷ ሄዶ ቀጥ አለ። በተረከዜ ጎሰምኩት፣ ጮህኩበት፣ ወይ ፍንክች! ሴትዮዋ ግራ ገብቷት "አካም"፣ እንደምን ነህ አለች። ስለ ልጆቿ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ በዚያ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ጠየቅኳት፤ በመጨረሻ "ናጋ"፣ ሰላም ነው ስትል ፈረሱ ሽው ብሎ ሄደ። ያኔ ገባኝ። ለካ ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን የመንገደኛውን ደህንነት ከራሱ አፍ ሳይሰሙ አልፈው አያውቁም፤ እንስሳውም ሥራው ይሄ መስሎታል።

ላታልለው ሞከርኩ። ሰው ሲመጣ እኔው ራሴ ከሩቁ "ናጋ፣ ናጋ" አልኩ። ጆሮውን አዙሮ ሰማኝና ንቆኝ ቆመ። ግመል ነጂ አገኘን፤ እሱ ደግሞ ጊዜ የተረፈው ሰው ነው፣ የግመሎቹን ጤና በየተራ አወራኝ። ኬላው ላይ ፈረሱ ወታደሮቹ ፊት ተገተረ። ምን ፈልጌ እንደቆምኩ ሲጠይቁኝ ደህንነታቸውን ልጠይቅ ነው ብላቸው መታወቂያ አውጣ አሉኝ።

ከሁሉ የከፋው በኳስ ተጣልተን ዓመት ሙሉ ከተኮራረፍነው ባለሱቅ ጋር መገናኘታችን ነው። እኔ ሰማይ አየሁ፣ እሱ መሬት አየ፣ ፈረሱ እሱን አየ። ፀሐይዋ አናቴን ስትመታኝ ሳልወድ በግዴ እንደምን ከረምክ አልኩት። በጥርሱ መሃል ደህና አለ። ፈረሱ መንገዱን ቀጠለ፤ ለካ አማርኛም ይችላል።

ነገሌ ስደርስ እኩለ ቀን አልፏል። ሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ባለቤቴ ሻንጣዋን አጠገቧ አድርጋ ባጃጅ ትጠብቃለች።  መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ስለ ጭቃው፣ ስለ ፈረሱ፣ እኔ ላይ ስለደረሰው መከራ። ፈረሱ ግን ፊቷ ሄዶ ቆመ፣ እኔም ከጠዋት ጀምሮ አፌ ለምዶት እንደምን ነሽ ብዬ ጀመርኩ። እንቅልፍ እንዴት ነው፣ ራስ ምታትሽስ ተሻለሽ፣ ውሃ መጣ ወይ፣ ማታ ማታ ማን ያጫውትሻል። 

"ደክሞኛል" አለች። "በስልክ ደህና ነኝ የምልህ ቶሎ ስለምትዘጋው ነው።"

ባጃጁ መጥቶ ጥሩምባውን ነፋ። ፈረሱ ንቅንቅ አላለም። ወርጄ ሻንጣዋ ላይ ተቀመጥኩ፤ ንገሪኝ አልኳት። ለባለ ባጃጁ በእጇ ሂድ አለችውና ጀመረች።