በጋሽ ተክለሚካኤል ኮድ ራስጌ

ወንድሜ ወልደየስ ሰው ማስቀየም አይችልም። ይኸ ሙገሳ አይደለም፤ በሽታ ነው። ልጅ ሆኖ ጎረቤት ቤት ጨው የበዛበት ወጥ ሲያቀርቡለት፣ “ይጣፍጣል” ብሎ ጨርሶ፣ ቢደግሙለት እሱንም በልቶ፣ ቤት መጥቶ ውኃ በጆግ የሚጠጣ ነበር። ዴንቨር አየር ማረፊያ ዊልቸር ሲገፋም መንገደኛው እግሩን ረግጦት ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነበር። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ። ምላሷ ስለት ነው ይሉኛል። ለሁለታችን የተሰጠውን ይሉኝታ እሱ ጠቅልሎ ስለወሰደው ይመስለኛል።

ከዊልቸር ያወጡት ጋሽ ተክለሚካኤል ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ነው የተዋወቁት። ኮምፒውተር ፍሪጅ የሚያክል በነበረበት ዘመን የጀመሩ ሰው ናቸው፤ እንግልውድ አካባቢ የታማሚን የልብ ምት በስክሪን የሚያሳይ ማሽን በሚሠራ ትንሽ ኩባንያ ውስጥ ኖረዋል። ወልደየስ ኮሌጅ ሲገባ በየቅዳሜው ቤታቸው አስቀምጠው አስተማሩት፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ እንቁም ምሳ ሳይበላ አይለቁትም። ሲመረቅ ደግሞ አለቃቸው ፊት ቆመው “ልጄ ነው” አሉ። ተቀጠረ። የዚያን ቀን ኦሮራ ያለችው አፓርትማችን ውስጥ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

የሰጡት ሥራ ከርነሉ ላይ ነበር። ከርነል ማለት ከማሽኑ ፕሮግራም ሁሉ ሥር ሆኖ ሜሞሪ የሚያድል፣ መልሶም የሚቀበል ኮድ ነው፤ እኔ የገባኝ ይህን ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኩባንያው አንድ ሕግ አወጣ፤ ሜሞሪ በሚነካ ኮድ ሁሉ ራስጌ ላይ፣ ለምን አደጋ እንደሌለው የሚያስረዳ ማስታወሻ ይጻፍ ተባለ። የጋሽ ተክለሚካኤልን አሮጌ ኮድ አንብቦ ማስታወሻውን የሚጽፈው ወንድሜ ሆነ።

አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። እኔን ያስረዳኝ በቤት ነው። ተከራይ ክፍሉን ሳይለቅ አከራዩ ቁልፉን ተቀብሎ ለሌላ ሰው ቢያከራየው ምን ይሆናል? አዲሱ ሰው አልጋ ላይ የአሮጌው ዕቃ ይራገፋል። የጋሽ ተክለሚካኤል ኮድ የማሽኑ የመረጃ መስመር ሲቋረጥ የአንዱን ታማሚ ሜሞሪ መልሶ ያስረክባል፤ የልብ ምቱን የሚጽፈው ክፍል ግን መጻፉን አላቆመም። የሚያቆመው የለም።

ያኔ ኩባንያው አዛውንቶቹን እየቀነሰ ነበር። ጋሽ ተክለሚካኤል ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ይቀራቸዋል፤ የወይዘሮ እንቁ የካንሰር ሕክምናም በእሳቸው ኢንሹራንስ ላይ ነው። ስህተቱ ይፋ ከወጣ እሳቸውን ለማስወጣት ሰበብ እንደሚሆን ወልደየስ አውቋል። ቢሆንም ለብቻቸው ሊነግራቸው ሄደ።

“ጋሼ፣ እዚህ ጋ ሜሞሪውን ሪሊዝ ሲያደርገው፣ ምናልባት... ማለቴ እኔ ሳልረዳው ቀርቼ ይሆናል...”

“እሱን ተወው ልጄ፣ ስንት ዓመት የሠራ ነገር ነው” አሉት፤ ትከሻውን መታ አድርገው ወደ ስብሰባ ሄዱ።

አንድ ጊዜ ብቻ ድምፁን ከፍ ቢያደርግ ምን ነበረበት! አላደረገውም። ተመልሶ ተቀመጠና ከኮዱ ራስጌ እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ ይህን የሚጠቀም ሁሉ መጻፉ አስቀድሞ መቆሙን ያረጋግጥ። ስህተት ነው አላለም፣ የማን እንደሆነም አላለም። ያምራል፤ ጨዋ ነው። አለቃውም አንብቦ አመሰገነው። ጋሼ ከወጡ በኋላ አስተካክለዋለሁ ይለኝ ነበር።

አልደረሰም። በሚቀጥለው ዓመት አንድ ሆስፒታል ውስጥ መስመር ተቋረጠና ስክሪኑ ከአልጋው የተነሣን ሰው የልብ ምት ለአዲሱ ታማሚ አሳየ። ደህና ምት ነው የሚያሳየው፤ ሰውየው ግን ትንፋሽ እያጠረው ነው። ነርሷ ስክሪኑን ትታ ከንፈሩን በማየቷ ተረፈ። እኔም የቤት ለቤት አስታማሚ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስክሪን ሳላይ መጀመሪያ ከንፈር አያለሁ።

ኩባንያው ኮዱን ከፍቶ ጉባኤ ተቀመጠ። ኮዱ የጋሽ ተክለሚካኤል ነው። ራስጌው ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ የወልደየስ ነው። አለቃው ወንድሜን “ይህን አይተኸው ነበር?” አለው።

“ጽፌዋለሁ” አለ።

በቃ፣ ይህን ብቻ። ጋሼን ለማዳን የጻፈው ጽሑፍ እሱን አዳነው። “ማስጠንቀቂያው ከፊትዎ እያለ አላስተካከሉትም” ተብለው ጋሽ ተክለሚካኤል በዚያው ሳምንት ተሰናበቱ። ወንድሜ የእሳቸው ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ተጠየቀ፤ እምቢ ማለትም አልቻለበትም። እሳቸው በስድሳ ሦስት ዓመታቸው መኪናቸውን ይዘው አየር ማረፊያ መንገደኛ ያመላልሱ ጀመር፤ የወይዘሮ እንቁ ሕክምናም መሀሉ ላይ ተቋረጠ።

“ሄደህ እግራቸው ላይ ውደቅ!” ብዬ ጮህኩበት። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብሬው ቤታቸው ሄድኩ። ወይዘሮ እንቁ ሶፋው ላይ ጋቢ ተከናንበዋል፤ ከስተዋል። ጋሽ ተክለሚካኤል ሥዩመ እግዚአብሔር እንደመጣ አድርገው ተቀበሉን። ወንድሜ ገና ሳይቀመጥ “ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው። አይቼው ነበር። አውቄ ነው...” አለ።

“የምን ይቅርታ ልጄ? ምን በድለኸኝ?” አሉ ፈገግ ብለው። “ምንም የለም። እንቁ፣ ቴምሩን አቅርቢለት እንጂ።”

“ጋሼ...”

“ምንም የለም አልኩህ። ብላ።”

እኔ፣ ምላሰ ስለቷ፣ ያን ፈገግታ አይቼ ቴምር ጎረስኩ። በረዶ ላይ በቤት ጫማ ወጥተው እስከ መኪናችን ሸኙን፤ በሩን ከፍተው፣ ዘግተው፣ እጃቸውን አውለበለቡ።

ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ስንደርስ “ተመስገን፣ ይቅር አሉህ” አልኩት።

“አላሉኝም” አለ ወንድሜ። “ምንም የለም ነው ያሉኝ። እኔም ኮዳቸው ላይ ስህተቱን በጨዋ ቃል ሸፍኜ የጻፍኩት ይኸንኑ ነው።”

ወይዘሮ እንቁ ለፋሲካ አልደረሱም። ሬሳ ሣጥናቸውን ከተሸከሙት አንዱ ወልደየስ ነበር። ዛሬም በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጋሽ ተክለሚካኤል እጃቸውን ዘርግተው ይቀበሉታል፤ ትከሻ ለትከሻ ይሳሳማሉ፣ ስለ ጤና ይጠያየቃሉ። ቤታቸው ግን ጠርተውት አያውቁም፤ እሱም እንዲጠሩት አይጠብቅም። ለማያውቃቸው ሰው አባትና ልጅ ይመስላሉ።