የማያቃጥል ቶነር

ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ባለው የውበት ሳሎን ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ እትዬ ሰናይት ጥጥና ቶነር አስጨበጡኝ። «ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ጥረጊ። ደንበኛ የወጣላትን ቆሻሻ ካላየች አትመለስም» አሉኝ። ቶነር ፊት ከታጠበ በኋላ፣ ከክሬም በፊት የሚቀባ ፈሳሽ ነው። የእኛው አልኮል የበዛበት ስለነበር ዓይን ያስነባል። እኔም ጠረግኩ። ከከተማው ዳር ከካሳራኒ በሁለት ማታቱ ታክሲ ተሳፍሬ የመጣሁት ለመከራከር አልነበረም።

ሰው ፊት ላይ እጄን ከማሳረፌ በፊት በልቤ እጸልያለሁ። ደንበኞች ያውቁብኛል። «እህቴ፣ ፊቴ ይህን ያህል ተስፋ ያስቆርጣል?» ያለችኝም አለች።

በስድስተኛው ዓመቴ ማህሌት መጣች። እዚሁ ናይሮቢ ያደገች፣ ለሠርጓ ሦስት ሳምንት የቀራት ልጅ ናት። ጉንጯ ቀልቶ ይላጣል፤ ውሃ እንኳ ያቃጥላታል። ለካ ያንኑ የእኛን ቶነር ገዝታ ቤቷም ጠዋት ማታ ትፈትግበታለች።

«ሲስ፣ ካላቃጠለ እኮ አይሠራም» አለችኝ።

«የኔ እህት፣ ሚጥሚጣ እየገዛሽ አይደለም እኮ!»

የላይኛው ቆዳ ሲጎዳ ውስጡ ያለው እርጥበት ያመልጣል፤ የነካው ሁሉ ያቃጥላል። ስለዚህ አልኮሉንም ፍትጊያውንም አስቆምኳት። ግሊሰሪን ያለበት፣ ሽቶ የሌለበት የሚያረጥብ ቶነር መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ፣ እርጥብ ፊቷ ላይ ጫን ጫን አደረግኩት። ሳይደርቅ ክሬም ደረብኩበት፤ ሁለቱንም ለቤቷ ሰጠኋት።

እትዬ ሰናይት በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። «ምነው፣ ጥጥ አለቀ እንዴ?»

«አላለቀም፣ እትዬ። እያለቀ ያለው ፊቷ ነው።»

ወደ ጓዳ ጠሩኝ። «ለሠርጓ ካልዳነች አንቺን ነው የማሰናብተው።» እሺ ብዬ ወደ ማህሌት ተመለስኩ።

በአራተኛው ቀን ማህሌት ደወለች። «ሲስ፣ ምንም አይሰማኝም! ውሃ ነው እንዴ የሰጠሽኝ?»

«እሰይ። እሱን ነው የምፈልገው።»

በሁለተኛው ሳምንት እንደገና ቀልታ መጣች። «አንድ ቀን ብቻ በድሮው ቶነር ጠርጌው ነበር» አለች።

«ንስሐውን ለእግዚአብሔር፣ ጠርሙሱን ለእኔ» አልኳት። እየሳቀች ከቦርሳዋ አወጣችው።

በሠርጓ ዋዜማ ፊቷን በውሃ አጠብኩና ጠበቅኩ። አላቃጠላትም። ግራ ጉንጯ ላይ የቀረውን ትንሽ ቅላት በማግስቱ ሜካፕ ሸፈነው።

ሰኞ እትዬ ሰናይት የአልኮሉን ቶነር ከመደርደሪያ አስወረዱ። ልክ ነበርሽ አላሉኝም። «ጥጥም ተወዷል» አሉ።

ለጀማሪዎች የምለው ይህን ነው። መጀመሪያ የሚያቃጥለውን አስቁሙ። ቶነር በእርጥብ ፊት፣ ክሬም ወዲያው በላዩ። ቆዳው እስኪያገግም ጊዜ ስጡት።