ያልተቀበሉት ግጥም

የታሰርኩት እኔው በማስተምርበት ክፍል ውስጥ ነው። ትምህርት ቤቱን ካምፕ ያደረገው ሠራዊት በጠራው ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ፤ ሁለት ወታደሮች በብብቴ ይዘው አስገቡኝ። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት የክፍልፋይ ሒሳብ አልጠፋም። ዴስኮቹ ማገዶ ሆነዋል፤ ሲሚንቶው ላይ ሰው ተደርድሯል። ሽንትና እርጥብ ጆንያ ይሸታል።

ከመስኮቱ ሥር አንድ ሽማግሌ «ና ልጄ፣ ጠጋ እንበልልህ» አሉኝ። ድምፃቸውን ስሰማ ክው አልኩ። አባቴ ካሴታቸውን ፍራሽ ውስጥ ደብቆ ያዳምጥ ነበር።

«እርስዎ ዘፋኙ ነዎት እንዴ?»

«ነበርኩ።»

በደርግ ጊዜ የኪነት ቡድን ውስጥ ነበሩ። ሊቀመንበሩን የሚያወድስ ግጥም ሲሰጧቸው በመተማ በኩል በእግራቸው ሱዳን ገቡ። አርባ ዓመት ካርቱም ውስጥ ሰርግ ላይ ዘፈኑ። ካርቱም በጦርነት ስትታመስ እንደ እናት ያሳደገቻቸውን እህታቸውን ፍለጋ ተመለሱ፤ ኬላ ላይ ተያዙ።

«ያ ዳገት ይታይሃል?» አሉኝ በመስኮቱ ቀዳዳ። «ከሱ ማዶ ናት። ዓይኗ ጠፍቷል አሉ።»

በአራተኛው ቀን አዛዡ መጣ። በዓል አላቸው። «ነገ ትዘፍንልናለህ፣ ከዚያ ወደ እህትህ!» አለና «ተቀበል!» ብሎ የሠራዊቱን ሙገሳ በግጥም ወረወረላቸው። በኛ አገር ተቀበል የተባለ ዘፋኝ የተሰጠውን ግጥም ተቀብሎ ያዜማል፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። ሽማግሌው አልተቀበሉም።

«አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ ጌታዬ። ግጥሙን አውቀዋለሁ። ያኔም ሰጥተውኝ ነበር፤ ስሙን ብቻ ነው የቀየራችሁት።»

አዛዡ አልተቆጣም። «እስከ ጠዋት አስብበት» ብሎ ወጣ።

እኔ ነኝ የለመንኳቸው። «ጋሼ፣ በእናትዎ! ሁለት ስንኝ እኮ ነው። ዘፍነውላቸው ይውጡ።»

«ያኔ እምቢ ብዬ ነው ያጣኋት» አሉኝ። «ዛሬ እሺ ካልኩ ታዲያ አርባ ዓመት ስለምን አስጠበቅኋት?»

ተናደድኩባቸው። ግትር ሽማግሌ ብዬ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። እስካሁን ያሳፍረኛል።

ጠዋት ወደ ጋሸና የሚሄደው መኪና ሞተሩን አስነስቶ ቆመ። በሱ ተጭኖ የተመለሰ ሰው አናውቅም። ስማቸው ሲጠራ ጋቢያቸውን አውልቀው እኔ ላይ ጣሉ።

«ተቀበል አስተማሪ» አሉኝ። «ለሷ ነው።»

ያን ሁሉ በረሃ አቋርጬ መጥቼ፣
ካንድ ዳገት ማዶ ቀረሁ አንቺን ትቼ።

ወታደሩ በሩን ይዞ እያየ በዚያ ሻካራ ድምፄ ተቀበልኩ። «ዜማው ተበላሽቷል» አሉ። «ግን ይበቃል።» ወጡ።

ስፈታ ዳገቱን ወጣሁ። እህታቸው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። የሆነውን ነግሬ አዜምኩላቸው።

«እሱ እንዲህ አይዘፍንም» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «እስቲ ድገመው ልጄ።»

አሁን እዚያው ክፍል ተመልሼ አስተምራለሁ፤ ልጆቹ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ሽማግሌውን የት እንዳደረሷቸው ያልጠየቅሁት ሰው የለም፤ የሚያውቅ አላገኘሁም። በየወሩ ጋቢያቸውን ለብሼ ዳገቱን እወጣለሁ፣ አዜማለሁ። ባለፈው ጊዜ እህታቸው እጄን ይዘው «አሁንስ ልክ እሱን መሰልክ» አሉኝ።

አልመሰልኳቸውም። የወንድማቸውን ድምፅ እየረሱት ነው።