ስትጫን የምትታመም መኪና

ባለፈው ሳምንት ልጄ መኪናዋን ከጋራዥ አውጥታ መጣች። ማርሽ በራሷ የምትቀይር መኪና ናት። በራችን ላይ ቆማ ሞተሩን እያስጮኸች፣ "አባዬ፣ ስማት እንግዲህ! ትጮሃለች እንጂ አትሄድም። ያ መካኒክ አንድ ነገር ነቅሎባታል፤ ሌባ ነው!" አለችኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት አንገቴን በመስኮቱ አስገብቼ የማርሹን ዘንግ አየሁ። የተንጠለጠለበት ነገር የለም።

"ምን ትፈልጋለህ?"

"ኮዳ" አልኳት። ጃጀሁ መሰላት።

ነገሩ የስልሳ ስድስት ነው። ቆቦ ተመድቤ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ጠመኔዬን በቀለም በቀለም ለይቼ የማስቀምጥ፣ ሰዓት ስንት ነው ላለኝ ሰው ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ የማስረዳ ወጣት ነበርኩ። በዚያ ዓመት የራያ ማሽላ ዛላ ሳያወጣ ቆሞ ደረቀ። እስከ ዞብል ተራራ ድረስ ሜዳው የአመድ መልክ ያዘ፤ ሰው ከየመንደሩ እየወጣ አውራ ጎዳናው ዳር ተቀመጠ። የቆቦ ሰዎች ኮሚቴ አቋቁመው በየማለዳው ለጎብዬ መጠለያ የገንፎ ዱቄት ይልኩ ነበር። የምታደርሰው መኪና አንድ ቸር ሰው ያዋሳት፣ ከኋላዋ ረጅም መጫኛ ያላት አሮጌ አውቶሞቢል ናት። ሹፌሯ ጋሽ እንድሪስ ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና የጨረሱ፣ ጢማቸው በሂና የቀላ ሰው ነበሩ። ዱቄቱ መንገድ ላይ ይጎድላል የሚል ሐሜት ሲነሳ፣ የማስተምረው ከሰዓት በኋላ ስለነበር ኮሚቴው እኔን አብሬ እየሄድኩ እንድጠብቅና የማየውን እንድጽፍ መደበኝ።

የመጀመሪያ ቀን ኮዳዬን እግሬ ሥር ላስቀምጥ ስል ጋሽ እንድሪስ እጄን ያዙኝ።

"ተው መምህር! በዚህ ዘመን ውሃ እግር ሥር አይቀመጥም። ነውር ነው።"

ተቀበሉኝና ከመሪው ጎን በወጣችው የማርሽ ዘንግ ላይ በማንገቻው ሰቀሉት። ውሃ የሞላ ትልቅ የወታደር ኮዳ ነበር። ሊያባብሉኝ ነው ብዬ ይህንንም በልቤ ያዝኩባቸው።

ከጎብዬ በፊት ካለችው ሮቢት ከተማ ሳንደርስ መኪናዋ ታመመች። ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው ግን ይንፏቀቃል። መንገዱ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ዳገት ነው ሰበቡ እንዳይባል። ሮቢት ስንገባ ከፊት እንፋሎት ተነሳ። ጋሽ እንድሪስ አንዲት ግራር ጥላ ሥር አቁመው እስክትበርድ ድረስ ከአንድ ባለሱቅ ጋር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወሩ ጀመር።

"ማን ነው ሰውዬው?" አልኳቸው ሲመለሱ።

"የሚስቴ ወንድም።"

"ምን ነገረዎት?"

"ልጁ ታሟል። ምነው፣ እሱንም ትጽፈዋለህ?"

አዎ፣ ጻፍኩት።

ጎብዬ ስንደርስ ቀትር ተቃርቧል። ልጆቹ ጣሳቸውን ታቅፈው ዝም ብለዋል፤ የማያለቅስ ልጅ ብዛት ያስፈራል። ገንፎውን የምታገነፋው እትዬ ዘሀራ ውሃዋ ፈልቶ ፈልቶ ግማሽ ሆኖባታል። እኔ ኮዳዬን ለልጆቹ አጠጥቼ ጨረስኩት። ከዚያ ባዶዋን መኪና ይዘን ተመለስን፤ ወላሂ፣ እንደ ወፍ በረረች!

በሁለተኛውም ቀን፣ በሦስተኛውም እንዲሁ ሆነ። እትዬ ዘሀራ በሰው ፊት፣ "ይቺ መኪናችሁ ስትጫን ትታመማለች፣ ስትራገፍ ትድናለች። እንዲህ የሚያደርጋት አህያ ነበረችን፤ ሸጥናት!" አለች። ሰው ሳቀ። ጋሽ እንድሪስ አልሳቁም።

እኔ ደግሞ ነገርን በሥርዓት መመርመር እወዳለሁ። የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ አግኝቼ በመዝገበ ቃላት አነበብኩ። የሌላ መኪና ማርሽ የሚቀይረው የሹፌሩ እጅና እግር ነው። በዚህችኛዋ ግን ሹፌሩ ዘንጓን ከአንዱ የእንግሊዝኛ ፊደል ጋር ያገጥምና እጁን ያነሳል። ዲ ላይ ካደረጋት ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ራሷ ትቀያይራለች፤ ዝቅ ብላ ኤል ላይ ካረፈች ግን አንደኛ ላይ ትቀራለች። የማርሹ ዘይት ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ነው የሚለካው ይላል። ለካሁ፤ ሙሉ ነው። አሸተትኩ፤ የመቃጠል ሽታ የለውም። ጭነቱን አሰላሁ፤ ጥቂት ኬሻ ነው። ስንነሳ ዘንጓ ዲ ላይ መሆኗንም በዓይኔ አይቻለሁ። እንግዲህ መኪናዋ ጤነኛ ከሆነች የታመመው ሰው ነው ብዬ ደመደምኩ። ሽማግሌው ከባለሱቁ ጋር ለመመሳጠር ሮቢት መቆም ስለሚፈልጉ በዘዴ ያጓትቷታል። ይህንኑ በቁጥር ከፋፍዬ፣ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት፣ ለኮሚቴው አቀረብኩ።

ሰብሳቢው ቁልፉን እንዲያስረክቡ አዘዟቸው። ጋሽ እንድሪስ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ወደ እኔ ዞሩ። "ደብዳቤው ያምራል መምህር። አላህ ያውቃል" ብለው ወጡ። ስድስት ልጆች እንዳሏቸው፣ እንጀራቸውም ያቺ መኪና ብቻ እንደሆነች የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው።

በማግስቱ ከማል የሚባል ጎረምሳ ሹፌር ተተካ። እኔም ኮዳዬን ሞልቼ የተለመደ ቦታው ላይ ሰቀልኩት። የጠጠር መንገዱ ያንገጫግጨን ጀመር። ከቆቦ ብዙም ሳንርቅ ሞተሩ ጮኸ።

"ምን ሆና ነው?" አለ ከማል። "አንደኛ ላይ ናት እኮ!"

እጁን ወደ ዘንጓ ሲሰድ ኮዳው ተወዛውዞ ጣቶቹን መታው። "ይሄን ድንጋይ ማነው እዚህ የሰቀለው?" ብሎ አንስቶ ጭኔ ላይ ወረወረው። ዘንጓን ወደ ላይ ገፋ አደረጋት። መኪናዋ ትንፋሽ እንዳገኘ ሰው ቀለል አለች፤ ሮቢትን ሳንቆም አለፍናት።

ዘንጓ አርጅታ ላልታ ኖሯል። ሲሞላ የሚከብደው ኮዳዬ በየጉድጓዱ እየጎተተ ከዲ ወደ ኤል ያወርዳታል፤ ስትወርድ ፊደሉንም ራሱ ይሸፍነዋል። የጭነት መኪና ሰው የሆኑት ጋሽ እንድሪስ ደግሞ "እጅ አትፈልግም" ተብለው ስለተነገራቸው አንዴ ካስገቡ በኋላ ዘንጓን አይነኳትም። ስንሄድ ኖረው ስንመለስ የማይኖሩት ነገሮች ሁለት ነበሩ፦ ዱቄቱና ውሃዬ። እኔ ዱቄቱን ብቻ አየሁ። ሕመሙ የጀመረው እኔ የተሳፈርኩ ቀን መሆኑንም በዚያ ሁሉ ቁጥር ውስጥ አልጻፍኩትም።

ዕለቱን ለኮሚቴው ሁሉንም ተናገርኩ፤ ደብዳቤዬንም አስመልሼ ቀደድኩ። ከሰብሳቢው ጋር ጋሽ እንድሪስ ቤት ሄደን ቁልፉን በእጄ ሰጠኋቸው። ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀሁት ማብራሪያ ረጅም ነበር፤ መሃል ላይ አቋረጡኝ።

"ኮዳውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱን እንካፈል። ደብዳቤው ግን የብቻህ ነው።"

በማለዳው መኪናዋ ውስጥ ስገባ እጃቸውን ዘረጉ፤ ኮዳውን ሰጠኋቸው። ወደ ዘንጓ አየት አደረጉና መልሰው ጭኔ ላይ አኖሩት። "ውሃህን ራስህ ያዝ፣ መምህር።" ሮቢት ላይ ሳንቆም ስናልፍ ባለሱቁ እጁን አነሳልን። ልጁ እንዴት እንደሆነ መጠየቅ ፈልጌ እኔም እጄን ብቻ አነሳሁ።

የልጄን መኪና መልሰን ጋራዥ ወሰድናት። የማርሽ ዘይቷ ከአንድ ቧንቧ እያንጠባጠበ ጎድሎ ነበር፤ መካኒኩ ምንም አልነቀለም። ስንመለስ ልጄ የውሃ ጠርሙሴን አይታ፣ "አባዬ፣ እዚህ እኮ ማስቀመጫ አለው" ብላ ከማርሹ አጠገብ ያለውን ክብ ጉድጓድ አሳየችኝ። አየሁት። ጠርሙሱን ግን እቤት እስክንደርስ ጭኔ ላይ ያዝኩት።