የጋሽ ዘውዴ የነጻ መሳፈሪያ

ባለፈው ወር የአክስቴን ልጅ የሠርግ ጥሪ ካርድ ለመውሰድ አናንዴል ወዳለ አንድ ማተሚያ ቤት ሄጄ ነበር። የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ካርዶቹን ከመቁረጫው ሥር አውጥቶ፣ ጠርዛቸውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ እያደረገ ሲያስተካክል፣ አዲስ የተቆረጠ ወፍራም ወረቀትና ያልደረቀ ቀለም ሸተተኝ። ካርዶቹን ተቀብዬ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ፤ ሞተር ሳላስነሳ ግን ብዙ ቆየሁ። ያ የጋሽ ዘውዴ ሽታ ነው።

ጋሽ ዘውዴ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ስላይጎ ክሪክ ከሚባለው ወንዝ አጠገብ የነበረውን የቤታችንን ምድር ቤት፣ ቤዝመንቱን፣ የተከራዩ ሰው ነበሩ። ሲመጡ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሚስታቸው ሞተዋል፤ አንድ ወንድ ልጃቸው ሲያትል ይኖራል፣ በዓል ሲሆን ይደውላል። ቀን ቀን ፓርኪንግ ጋራዥ ይሠሩ ነበር። አገር ቤት ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበሩ፤ የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀሙ የሰው መጽሐፍ ሲደረድሩ የኖሩ። እንግሊዝኛም ለቅመዋል። ስለዚህ እንግሊዝኛን በዓይናቸውና በጣታቸው ያውቁታል፤ መዝገበ ቃላት ካለ ደብዳቤም ይጽፋሉ። ሰው ሲናገር ግን አንዲት ቃል አትገባቸውም። ፈረንጅ ሲያናግራቸው ፈገግ ብለው ዓይናቸው እኔን ይፈልግ ነበር፤ እኔም ቶሎ ብዬ እተረጉማለሁ። በዚህ ሥራዬ እኮራ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሰፈር ውስጥ አሮጌ ዕቃ በየግቢው ከሚሸጥበት ያርድ ሴል የአሻንጉሊት ባቡር ገዝተው መጡ። አንድ ጥቁር ሎኮሞቲቭ፣ ሁለት ፉርጎ፣ ጠመም ያለ ሐዲድ፤ ከካርቶኑ ሥር ደግሞ ያረጁ የባቡር ሠሪዎች መጽሔቶች። እኔ ባቡሩን ስነካካ እሳቸው መጽሔቶቹን ያዙ። እዚያ ውስጥ ነው ስለ ፓስ ያነበቡት። ድሮ እውነተኞቹ የባቡር ኩባንያዎች ለወዳጆቻቸው የነጻ መሳፈሪያ ካርድ ይሰጡ ነበር አሉ። ቤታቸው ውስጥ ትንንሽ ባቡር የሚሠሩ ሰዎችም ይህን ወግ ይዘውት ኖረዋል። እያንዳንዱ ለመስመሩ የኩባንያ ስም ያወጣል፣ በስሙ ፓስ ያትማል፣ ከማያውቀው ሰው ጋር በፖስታ ይለዋወጣል። ፓሱ የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ በአዲስ ይተካል።

ጋሽ ዘውዴ ይህን ሲያነቡ ፊታቸው እንዴት እንደበራ አልረሳውም። ለባቡሩ ብዙም አልተጨነቁም። አንድ ጣውላ በሁለት በርሜል ላይ አጋደሙ፣ ሐዲዱን ክብ አድርገው ቸነከሩ፣ ከአይስክሬም እንጨት አንዲት ድልድይ ሠሩ፤ በቃ። ባቡሩ መስመሩን ዞሮ ለመጨረስ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። ፓሱ ግን! ክሬም ቀለም ያለው ወፍራም ወረቀት፣ ጥቁር አረንጓዴ ሐረግ በዙሪያው፣ መሃሉ ላይ «የስላይጎ ሸለቆ የባቡር ኩባንያ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ። ፊደሉን በትንሽ የእጅ ማተሚያ ራሳቸው እየለቀሙ ነበር የሚያትሙት። ያንን ካርድ ያየ ሰው ከባሕር እስከ ባሕር የሚዘረጋ መስመር ያላቸው ቱጃር እንጂ ቤዝመንት ተከራይ አይመስሉትም። እናቴ ስታሾፍባቸው፣ «ፕሬዚዳንት፣ ምሳ ቀርቧል» ትላቸው ነበር።

ፓሱን መጽሔቶቹ ላይ ወዳገኙት አድራሻ ሁሉ ላኩ፤ መልስ መምጣት ጀመረ። ከኦሃዮ፣ ከቴክሳስ፣ ሰምተነው ከማናውቅ ከተማ ሁሉ። ሁሉንም በእንጨት ሳጥን ያስቀምጧቸዋል። ደብዳቤ የሚጽፍላቸው ሌላ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ታዲያ ከአሌክሳንድሪያ መጣ። ሚስተር ዋልተር የሚባል ሰው ነው የላከው። ካርዱ ላይ፣ ያዢው በመስመራችን ሁሉ በነጻ እንዲሳፈር ተፈቅዷል ይላል። ጋሽ ዘውዴ እያንዳንዷን ቃል በመዝገበ ቃላት አረጋገጡና ወደ ላይ ወጡ።

«ጠርተውናል» አሉ። «አሌክሳንድሪያ እኮ ሜትሮ ያደርሳል። ሰው ከዚህ ቅርብ ሆኖ ጠርቶ እንዴት ይቀራል?»

«ደውለው ቢሄዱ አይሻልም፣ ጋሽ ዘውዴ?» አለች እናቴ።

«ጥሪው በእጄ ነው፤ ደግሞ ምን ብዬ ልደውል?»

አስተርጓሚ ያስፈልግ ስለነበር እኔም ሄድኩ። አሥር ዓመቴ ነበር። ጋሽ ዘውዴ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ባዶ እጅ ላለመሄድ በነጭ ካርቶን ኬክ ገዝተው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠውታል። ከቀዩ መስመር ወርደን በቢጫው የፖቶማክን ወንዝ ስንሻገር፣ ከጎናችን ባለው የብረት ድልድይ እውነተኛ የጭነት ባቡር ቀስ ብሎ ያልፍ ነበር። ጋሽ ዘውዴ ግን አላዩትም። ሰውየውን ምን ብለው ሰላም እንደሚሉ ሲለማመዱ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

በሩን የከፈተው ረጅም ሽማግሌ ነው፤ የቤት ጫማ አድርጓል። ጋሽ ዘውዴ እጅ ነሱና ፓሱን በሁለት እጃቸው አቀረቡ። ሰውየው ፓሱን አየ፣ እኛን አየ፣ ኬኩን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ በእንግሊዝኛ የነገረኝን ግን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ ለመሰብሰብ ብቻ ነው፤ እንደ ፖስት ካርድ። በዚህ ካርድ ሰው ቤት ማንም አይመጣም። የማላውቀውን ሰው አላስገባም፣ ይቅርታ በይልኝ።»

ዞር ስል ጋሽ ዘውዴ ፈገግ ብለው ይጠብቁኛል። ክራቫታቸው ወደ አንድ ወገን ዞሯል። ያንን ቃል ወደ አማርኛ ማዞር አቃተኝ። አዘንኩላቸው፤ ደግሞም አፈርኩባቸው፤ እውነቱን ለመናገር ያፈርኩት ይበልጣል።

«ባቡሬ ተበላሽቷል አሉ» አልኩ። «ሲሠሩት... አይ፣ እሳቸው እርስዎ ጋ እመጣለሁ አሉ።»

«እኔ ጋ? መቼ?»

«አንድ ቅዳሜ።»

ጋሽ ዘውዴ ደረታቸው ላይ እጃቸውን አደረጉ። «ቤቴ ቤታቸው ነው በያቸው። ኬኩንም ስጫቸው።»

ለሰውየው «ቴንክ ዩ ይላሉ» ብቻ አልኩት። ኬኩን ይዞ ግራ እንደተጋባ በሩን ዘጋ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜ ሌላ ቀን ሆነ። ጋሽ ዘውዴ ለእንግዳ አንድ የሚመች ወንበር ገዙ። ጠዋት ይላጫሉ፣ ክራቫታቸውን ያስራሉ፣ ባቡሩን አንዴ አዙረው ይሞክሩና ይቀመጣሉ። ከሰዓት ላይ ደረጃውን ወጥተው፣ «ሊያዬ፣ ሰውየው ኮል አድርገው ነበር?» ይሉኛል። እኔም «ትራፊክ ይሆናል» እላለሁ። ሌላ ጊዜ «ዝናብ ስለሆነ ይሆናል»። መጀመሪያ ላይ ይረሱታል ብዬ ነበር። የሚረሱ ሰው አልነበሩም።

አንድ ጊዜ እውነቱን ልነግራቸው ቆርጬ ወረድኩ። አሥራ ሦስት ሳይሞላኝ አይቀርም። ጋሽ ዘውዴ ፊደል እየለቀሙ ነበር፤ ቀና ሳይሉ «ይሄ ሚስተር ዋልተር እንደ እኔ ዓይን አፋር ሳይሆን አይቀርም» አሉ። «እዚህ አገር ብቻውን የሚኖር ሰው ሰው ቤት መሄድ ይከብደዋል። እኔም አንቺ ባትኖሪ እዚያ በር አልደርስም ነበር።» ሆምወርክ አለብኝ ብዬ ወጣሁ፤ ዳግመኛም አልወረድኩም።

ይህን ስል በአፍ ብቻ አይደለም፤ በእርግጥ አልወረድኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኞቼ ጋ ሮክቪል ነኝ፣ ልምምድ አለብኝ፣ ተኝቻለሁ። በደረጃው ሥር ባቡሩ ሲዞር ድምፁ በወለሉ በኩል ይሰማኛል፤ የጆሮ ማዳመጫዬን አደርጋለሁ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ በኋላ አሌክሳንድሪያ ሄጄ ሰውየውን አንዴ ብቻ ይምጡላቸው ብዬ መለመን እችል ነበር። አሰብኩት እንጂ አልሄድኩም። ጋሽ ዘውዴም ከጊዜ በኋላ መጠየቁን ተዉት፤ በር ላይ ስንገናኝ ስለ ትምህርቴ ብቻ ይጠይቁኛል።

ኮሌጅ ከቤት እየተመላለስኩ በምማርበት የመጀመሪያ ዓመት ታመሙና ሳይቆዩ ሞቱ። ልጃቸው ከሲያትል መጥቶ በሁለት ቀን ውስጥ ቤቱን አስለቀቀ። ጣውላውን ከነሐዲዱ ውጭ አውጥቶ ሲጥለው በመስኮት አየሁ። ማታውን አንድ ፖስታ ይዞ ወጣ። «የእርስዎ ልጅ ስም አለበት» ብሎ ለእናቴ ሰጣት።

ውስጡ ዘጠኝ ፓስ ነበር። ዘጠኝ ዓመት፣ በየዓመቱ አንድ፣ ሁሉም በሚስተር ዋልተር ስም። ሲመጣ በእጁ ሊሰጡት ነው መሰለኝ፣ አንዱንም በፖስታ አልላኩለትም። ዓመቱ ሲያልቅ አሮጌውን አስቀምጠው አዲስ ያትሙለት ነበር። ፓስ ላይ ከእንግዳው ስም ቀጥሎ «እና» ተብሎ አብሮት የሚሳፈረው ሰው የሚጻፍበት መስመር አለ፤ ብዙውን ጊዜ ሚስቱ ናት። በዘጠኙም ላይ ጋሽ ዘውዴ ያንን መስመር ፊደሉን ራሳቸው ለቅመው ሞልተውታል፤ «እና አስተርጓሚያቸው፣ ወይዘሪት ሊያ» ይላል።

የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመታት አስተርጓሚዋ ከእሳቸው አንድ ፎቅ በላይ ነበረች።