ሲሬ ላይ የሳለው ሞተር

የተሳፈርንበት ባጃጅ ነቀምቴ ውስጥ፣ በከኒሳ ቀሴ የሚባለው ሰፈር ላይ ሞተሩ ጠፍቶ መካኒኩ ካርቡራተሩን ፈቶ ሲያጥብ፣ የቤንዚኑ ሽታ ወደዚያች ትንሽ አውሮፕላን መለሰኝ።

የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ሆዷን ክፉኛ ታማ ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ ይዘናት ስንበር፣ ሲሬ አካባቢ ሞተሩ ድምፁ ይደክም ጀመር።

«ካርቡራተሩን በረዶ ያዘው» አለ አብራሪው፣ የጊምቢ ሰው ነው።

እኔ በላብ ተጠምቄ፣ ከየት የመጣ በረዶ?

አብራሪው አንድ እጀታ ሳበ። ሞተሩ ጭራሽ ባሰበት፤ ይስል፣ ይንተፋተፍ ጀመር። እናቴ ላይ ተጠምጥሜ ጮህኩ።

«ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ! ሙቅ አየር ለቅቄበት ነው። የቀለጠውን ውሃ እየዋጠ ነው የሚስለው።»

እውነትም ወዲያው ድምፁ ጠራ። ካርቡራተሩ ቤንዚንን ከአየር ጋር ሲቀላቅል ቤንዚኑ እየተነነ አየሩን እንደሚያቀዘቅዝና እርጥበቱ እዚያው ካርቡራተሩ ጉሮሮ ላይ በረዶ እንደሚሆን የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ቀን የገባኝ የተጠመጠምኩባት እናቴ መተንፈሷ ብቻ ነበር።

መካኒኩ ካርቡራተሩን ገጥሞ ሞተሩን አስነሳው። ባጃጁ ሁለት ሦስቴ ሲስል ሳላውቀው የወንበሩን ብረት ጨብጬ ነበር።

አጠገቤ የተቀመጠችው እናቴ እጇን እጄ ላይ ጣል አደረገች።

«ሂን ሶዳቲን» አለችኝ፤ «እንደ ያኔው ዋጠው።»