ንቢት እልኸኛ አይደለችም

ሶፋ አዳሿን በሠፈሩ የማያውቃት የለም። ስፖንጁ የሰመጠ፣ ጨርቁ የተተለተለ ወንበር ያለው ሁሉ ደጇን ይረግጣል። ምስማር በከንፈሯ ይዛ እያወራች እንኳ የምትለው ጥርት ብሎ ይሰማል፤ አንዴ ከተናገረች ደግሞ ወደኋላ የለም።

አላገባችም፣ አልወለደችም፤ ልጅ ግን አላት። የታናሽ እህቷን ልጅ ገና በዳዴ ሳለች ወስዳ ያሳደገቻት እሷ ናት። እህቷ መጠጥ ቤት ትሠራ ነበር። ከደንበኛ ጋር መጠጣት እንደ ሥራ ይቆጠር ስለነበር አርግዛም አላቆመችም። መጠጡ ጭራሽ ሲጥላት ሶፋ አዳሿ ሕፃኗን አቅፋ፣ «አንቺ እስክትድኚ እኔ ጋ ትቆይ» ብላ ወጣች።

አንድ ቦታ ስለማትረጋ ልጅቷን ሁሉም «ንቢት» ይላታል። ትናንት ስትለፋበት የዋለችው ፊደል ዛሬ ከጭንቅላቷ ብን ብሎ ይጠፋል። «ጫማሽን አውልቂ፣ እጅሽን ታጠቢ፣ ሳህን አምጪ» ሲሏት ጫማዋን አውልቃ እዚያው ትቆማለች። አንድ ቀን መምህሯ አክስትየዋን አስጠራች።

«ልጅሽ እልኸኛ ናት። ቆንጠጥ አድርጊያት።»

«እልኸኛማ አውቃለሁ፤ እኔው ራሴ ነኝ» አለች ሶፋ አዳሿ። «ይቺ ግን እየፈለገች ነው የሚያቅታት።»

በማግስቱ ሕፃናት ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሟ ልጅቷን ደጋግማ መረመረች፣ አጫወተቻት፣ ከዚያ ቀና ብላ፣ «እናትየዋ እርጉዝ ሳለች መጠጥ ትጠጣ ነበር?» ስትል ጠየቀች።

«ያውም በየቀኑ።»

«እናት የጠጣችው ለጽንሱም ይደርሰዋል። ጽንስ ደግሞ አልኮልን የሚቋቋምበት አቅም የለውም። የልጅቷ አንጎል የተጎዳው ያኔ ነው።»

«መድኃኒቱስ?»

«የተጎዳውን የሚመልስ የለም። እርስዎ ግን ብዙ ሊረዷት ይችላሉ። አንድ ነገር ብቻ ይዘዟት፤ ስትጨርስ ሌላውን። ውሎዋን አይለዋውጡባት። ስትረሳ ሳይቆጡ ይድገሙላት።»

«መድገም ከሆነ እንጀራዬ ነው፤ ስንት ምስማር እንደምመታ ባዩ!» አለች ሶፋ አዳሿ። ሐኪሟ ሳቀች።

መምህሯም ነገሩን ስትሰማ ንቢትን ከመስኮቱ አርቃ ከፊት አስቀመጠቻት። አልጋ በአልጋ አልሆነም፤ ንቢት ደብተሯን ቀድዳ የምትወረውርበት ቀን ነበር። ፊደሉ ግን ቀስ በቀስ ይያዝ ጀመር።

በዚህ መሃል እናትየው ታክማ ከመጠጥ ተላቀቀች፤ ልብስ ማጠቢያ ቤት ተቀጥራ በእረፍቷ ቀን ልጇን ለማየት ትመጣ ጀመር። ሐኪሟ ያለችውን ስትሰማ መሬት ላይ ዘጭ አለች።

«በገዛ እጄ፣ እትዬ! በገዛ እጄ!»

«አላወቅሽም፤ የነገረሽም አልነበረም» አለቻት ታላቋ። «አሁን ዕንባሽ ለልጅቷ ምን ይፈይዳታል? ነይ፣ ፀጉሯን ሥሪያት።»

ከጊዜ በኋላ ወንድማቸው የሥራ ዕድገት አግኝቶ ቤተሰቡን ምሳ ጠራ። ሚስቱ እርጉዝ ነበረች። አማቱ ለልጃቸው ወይን ቀድተው፣ «አንዲት ብርጭቆ ምን ታደርጋለች? እኛም እየጠጣን ነው የወለድናችሁ!» አሉ።

ሁሌ ማዕዘን ይዛ ዝም የምትለው የንቢት እናት ብድግ ብላ ብርጭቆውን በመዳፏ ከደነችው።

«ይቅርታ፣ እማማ። እኔንም እንዲሁ ነበር ያሉኝ። በልጄ አላፍርም፤ ነፍሴ ናት። ፊደል ለመያዝ የምትታገለው ግን እኔ በጠጣሁት ነው። ይህን ያህል ቢጠጣ ጽንስ አይጎዳም የሚል ሐኪም የለም። ስለዚህ ጠብታም አትቅመስ።»

የወንድሟ ሚስት ብርጭቆውን ገፋ አድርጋ፣ «በቃ፣ ውሃ ስጡኝ» አለች። አማትየው፣ «የዘመኑ ልጆች፣ እናንተ አስተምሩን እንጂ!» ብለው አጉረመረሙ፤ ጠርሙሱን ግን ራሳቸው አነሱት። እርጉዟ እስክትወልድ አልቀመሰችም።

ንቢት ዛሬ ኮረዳ ናት። ሒሳብ አሁንም ጠላቷ ነው፤ ቁጣዋም ሲነሳ ይነሳል። በአክስቷ ሱቅ የሶፋ ትራስ ልብስ ስትሰፋ ግን ስፌቷ ዝንፍ አይልም፤ እሷ ካልሰፋችልን የሚሉ ደንበኞች አሉ። እናቷ ከሱቁ ጀርባ ያለውን ክፍል ተከራይታ ገብታለች። ጠዋት ጠዋት ሱቁን የሚከፍቱት እናትና ልጅ ናቸው። ሶፋ አዳሿ፣ «እኔማ ተንደላቅቄ ማርፈድ ለመድኩ!» እያለች ትስቃለች።